ልጄ ሲኒ በሁለት እጅ መስጠትን ከኮሪያ ተማረች

የሐይቅ ዳሯ እናት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐሳቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ ስለከረመ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው እሑድ ቤቴ ቡና ተፈልቶ ነበር። የባለቤቴ እህት መጥታለች፣ ሁለት ጎረቤቶቼም አሉ። ልጄን ሲኒ እንድታዳርስ ጠራኋት። 15 ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። መጣችና ሲኒውን በሁለት እጇ ያዘች። ጎንበስ አለች። ለአክስቷ ሰጠች፣ ቀና አለች፣ ለሚቀጥለው ሰውም እንዲሁ አደረገች። አክስቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አንቺ፣ ልጅ አሳደግሽ እኮ!" አለችኝ። ጎረቤቶቼ ተቀባብለው መረቁኝ።

ምርቃቱን "አሜን" ብዬ ተቀበልኩ። ሆዴ ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ልጄ ያንን ከእኔ አልተማረችውም። "በሁለት እጅሽ ስጪ፣ ለትልቅ ሰው ጎንበስ በይ" ማለት የጀመርኩት ገና በአምስት ዓመቷ ነው። እናቴም እኔን በዚያው ነው ያሳደገችኝ። አፌ እስኪደክም ተናግሬያለሁ። ቆንጥጬም አውቃለሁ። አልገባላትም ነበር። ማታ ዕቃ ስናጥብ ጠየቅኋት። "ኦማ፣ ኮሪያ ውስጥ ለትልቅ ሰው የሚሰጠው እንደዚህ ነው" አለችኝ። ፊቷ በራ።

"ኦማ" በኮሪያኛ "እማዬ" ማለት ነው። እንዲህ ብላ መጥራት ከጀመረች ስድስት ወር አልፏታል። የኮሪያ ድራማ በስልክ ታያለች። ፊደላቸውን ብቻዋን ለምዳ ደብተር ሞልታለች። ኢንዶሚ የምትበላው በሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው። እንጨቶቹንም ራሷ ናት ከቀርከሃ የጠረበቻቸው። ቀርከሃው የመጣው ከአያቷ ግቢ፣ ከሲዳማዋ ሁላ ነው። አያቷ የሚናገሩት ሲዳሙ አፎ (ሲዳምኛ) ብቻ ነው። እኔ ሐዋሳ ያደግሁ የአማርኛ ሰው ነኝ፣ ቤታችንም በአማርኛ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ልጄና አያቷ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይባባላሉ።

የኮሪያን ፊደል በአራት ወር ጨረሰች። ከአያቷ ቋንቋ ግን በ15 ዓመት ሦስት ቃል አላወቀችም።

ልቆጣት አልፈልግም። እኔም በእሷ ዕድሜ የህንድ ፊልም አይቼ ግንባሬ ላይ በሊፒስቲክ ነጥብ አደርግ ነበር። የእናቴን ነጠላ እንደ ሳሪ እጠመጥም ነበር። ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው የራሱ እያለለት የሌላውን ለምን ይናፍቃል? ያውም ነገሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ከእኔ አፍ ሲወጣ የሚሰለቻት፣ ከስልኩ ሲመጣ የሚጣፍጣት ለምንድን ነው? ያያችሁትን ንገሩኝ።

ቀጥተኛው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡25

ስልኩን ቀሚያት። በዚህ ዕድሜ የገባ ነገር አይወጣም። ማንነት እንዲህ እየተሸረሸረ ነው የሚጠፋው። እህቴ፣ ሳይመሽብሽ።

ሌንስ ሐዋሳ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡02

እኔ የሠርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ 11 ዓመት ሆነኝ። ስለ ልጅሽ ስታወሪ የራሴ ሥራ ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን አሁን ከሠርጉ በፊት የምንቀርጸው አለ። ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ወንዱ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል፣ ቀለበቱን ያወጣል፣ ጓደኞቻቸው ከዛፍ ኋላ ፊኛ ይዘው ይወጣሉ። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች። ሁሉም በአንድ ዓይነት ነው የሚሸፍኑት። ማንም አላስተማራቸውም፣ ከፊልም ነው ያዩት።

አንድ ጊዜ እንዲህ ቀርጸን ስንጨርስ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ደስታ መስሎኝ ነበር። "አባዬ ሳይሰማ 'እሺ' አልኩ" አለችኝ። ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። በልጁ በኩል ዘመድ ስለሆንኩ አብሬ ሄጄ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከበሩ ገብተው ቆሙ። "ተቀመጡ" ተባሉ። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። አባትየው ወለሉን እያየ ነው። ቀጠሮ ተሰጣቸው። ተመለሱ። ደግሞ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አባትየው "ልጄን ሰጥቻችኋለሁ" ሲል ድምፁ ተሰበረ። እኔ ጥግ ቆሜ እንባዬ መጣ።

ካሜራዬ መኪና ውስጥ ነበር። ማንም "ቅረጽ" አላለኝም። እስከዛሬም ሽማግሌ ሲላክ ቅረጽልኝ ያለኝ ሰው የለም። ጉልበት ሲንበረከክ ግን በድሮን ሁሉ ቀርጫለሁ።

እና የእኔ መልስ ይህ ነው። ሰው የሚናፍቀው ያየውን ነው። የእነሱን እያሳመሩ አሳዩን። የእኛን በር ዘግተን ነው የምናደርገው። ያቺ ልጅ የአባቷን ድምፅ በቪዲዮ ብታገኘው ኖሮ ከፊኛው በላይ ትወደው ነበር እላለሁ።

ጡረተኛ መምህር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆቼ፣ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። "ማንነት ይጠፋል" የሚለውን ወንድማችንን ላረጋጋው ብዬ ነው የገባሁት።

መጀመሪያ ዶሮ ወጡን እንየው። በርበሬ የአገራችን ተክል አይደለም። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ ኮሎምበስ ባሕር ከተሻገረ በኋላ። በቆሎም እንደዚያው። በሰሜን "የባሕር ማሽላ" የሚሉት አሉ፣ ስሙ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ድንችን ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ። ከዚያ በፊት የነበረ ሰው የዛሬውን የበዓል ገበታ ቢያይ የባዕድ አገር ምግብ ይመስለው ነበር። እኛ ግን ያለ በርበሬ ኢትዮጵያዊ አይመስለንም። ጋራዥ ሂዱና መካኒኩን ስሙት። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ሁሉም ጣልያንኛ ነው። ተሰነባብተን "ቻው" የምንለውም የእነሱ ነው። የወረሩንን ሰዎች አባርረን ቃላቸውን አስቀረን።

ግን እናትየዋ የጠየቀችው "ለምን እንናፍቃለን" ነው። ከዛሬ 600 ዓመት በፊት የኖረው የቱኒሱ ሊቅ ኢብን ኻልዱን አንድ መልስ ሰጥቶ ነበር። የተሸነፈ ሰው አሸናፊውን በልብሱም በአካሄዱም ይመስላል፤ የማሸነፉ ምስጢር እዚያ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው። በእኛም ደርሷል። ጃፓን በ1897 ዓ.ም. ሩሲያን ስታሸንፍ የእኛ ምሁራን ልባቸው ተነሣ። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ፣ ንጉሡንና ሃይማኖቱን ይዞ ሠለጠነ አሉ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የጃፓኑ ሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር አርአያው። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ድረስ ሄዱ። ጃፓኖቹ ደግሞ ያንን ሕግ ሲጽፉ የጀርመኖቹን እያዩ ነበር።

ነገር ግን የእኛ ሰዎች ያኔ ጃፓንን የተመኙት ጃፓን ለመሆን አልነበረም። ራሳቸውን ሳይለቁ ለመጠንከር ነው። ምኞት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ "እኔ የማልረባ ነኝ" ከሚል ይነሣል፣ ሌላው "እኔም እችላለሁ" ከሚል። ልጅሽ የትኛው እንዳላት አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ልጄ። ሲኒውን ስትሰጥ አፍራ ነበር ወይስ ኮርታ?

የሐይቅ ዳሯ እናት
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮርታ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ኮርታ አይቻት አላውቅም።

የፓርኳ ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡30

እኔ ደግሞ ከሌላ ጎን ልናገር። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሰፊ ነኝ። ከገጠር ነው የመጣሁት። ቀኑን ሙሉ የምሰፋው የሸሚዝ ኮሌታ ነው። ሸሚዙ ውጭ አገር ይሄዳል። እሑድ እሑድ ገበያ ወርጄ ሰልባጅ እገዛለሁ። ያም ከውጭ አገር የመጣ ነው። ኮሌታውን ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ፣ ማን ሰፍታው ይሆን እላለሁ።

ጂንስ መልበስ የጀመርኩት እዚህ ነው። ቤት ስሄድ አወልቀዋለሁ። ሰዎች "ፈረንጅ ልትሆን ነው" ይላሉ። ፈረንጅ መሆን አልፈለግሁም። መንደራችን ውስጥ እኔ የሆነ ሰው ልጅ ነኝ፣ ነገ የሆነ ሰው ሚስት ነኝ። ምን እንደምለብስ፣ መቼ እንደምገባ፣ ምን ያህል ድምፅ እንደማሰማ የተወሰነ ነው። ጂንሱን ስለብስ ለአንድ ቀን ማንም የማያውቀኝ ሰው እሆናለሁ። በራሴ ደመወዝ የገዛሁት ነው። ያ ስሜት ለእኔ የፈረንጅ አይደለም፣ የራሴ ነው።

እናቴን እወዳታለሁ፣ የቆጮዋን ሽታ እዚህ ተኝቼ እናፍቃለሁ። ግን የእኛ ባህል ለወንድሜና ለእኔ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። የሌላ አገር ባህል የሚያምረን የእነሱን ሸክም ስለማንሸከም ይመስለኛል። የኮሪያ ምራት ምን እንደምትሸከም ድራማው ላይ እያየን እንኳ አይከብደንም፣ የእኛ አይደለማ።

ቀጥተኛው
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡05

እህቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ዋናው ግቢ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ኮሪያ ትንሽ ልጨምር።

ነገሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ባህሏን እንደ ምርት ቆጥራ ገንዘብ አፈሰሰችበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የባህል ኢንዱስትሪን የሚያበረታታ ሕግ አወጣች። ድራማ፣ ሙዚቃ፣ ጌም፣ ሁሉም በዕቅድ ነው የተሠራው። የእኛ አያቶች፣ የቃኘው ሻለቆች፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ለኮሪያ ሊዋጉ ሲሄዱ የደረሱት የፈረሰ አገር ላይ ነው። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተፈራርቀው ተዋግተዋል። ቹንቾን በምትባል ከተማ እስከዛሬ መታሰቢያ አላቸው። የዚያች አገር ልጆች ዛሬ ሐዋሳ ያለችን ልጅ ሲኒ አያያዝ አስተማሩ። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ነው የሚለኝ።

ደግሞ ልጅቷ የምትወደው ፊደል ሃንጉል የራሱ ታሪክ አለው። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ነው ያወጀው፣ ተራው ሰው ማንበብ እንዲችል ብሎ። የገዛ አገሩ ሊቃውንት ተቃወሙት። የቻይና ጽሕፈት ነበር ለእነሱ ክብር። የራስን ፊደል መያዝ እንደ ውርደት የቆጠሩ ነበሩ። ሃንጉል ለዘመናት የሴትና የተራ ሰው ጽሕፈት ተብሎ ተንቆ ኖረ። ዛሬ የፊደላቸው በዓል ብሔራዊ በዓል ነው። እነሱም የሌላውን ሲናፍቁ ኖረው ነው ወደ ራሳቸው የዞሩት።

የሻሸመኔ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው ያደግሁት፣ ሻሸመኔ፣ ጃማይካ ሠፈር አጠገብ። ሁላችሁም እኛ ስለምንናፍቀው አወራችሁ። እኔ እኛን ስለሚናፍቁት ልናገር።

መሬቱን የሰጡት ጃንሆይ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለረዱን ጥቁር ሕዝቦች። ከዚያ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ጃማይካን ሲጎበኙ ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቀለቀው። ብዙዎች ተነሥተው መጡ። ሰው በድራማ አይቶ አይደለም፣ በመጽሐፍ ቅዱስ አንብቦ፣ በመዝሙር ዘምሮ፣ ያላያትን አገር ሲናፍቅ ኖሮ ነው የመጣው። በ1967 መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ የተሰጣቸው መሬት አብዛኛው ሄደ። ብዙዎቹ ቀሩ። ልጆቻቸው መታወቂያ ያገኙት ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

አጥራችን የሚገናኝ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፣ አሁን በሕይወት የሉም። ከካሪቢያን በወጣትነታቸው ነው የመጡት። እንጀራ መጋገር የተማሩት ከእናቴ ነው። መጀመሪያ ዓይን አልወጣለትም። ሊጡን ይዘው በአጥሩ በኩል ይጣራሉ፣ እናቴ ጣቷን ነክራ ታያለች፣ "ገና ነው" ትላለች። ወራት ፈጅቷል። ዓይኑ የወጣ ቀን እንጀራውን በሰፌድ ይዘው መንገድ ላይ ወጡ፣ ሠፈሩን ሁሉ አሳዩ።

የሴቶች ዕድር ገቡ። ወር በወር ይከፍላሉ። ሰው ሲሞት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው ሽንኩርት ይልጣሉ። አማርኛቸው ይሰባበራል፣ ግን ለቅሶ ላይ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱን ቀን ከድንኳን አልወጡም። እኔ በዚያ ጊዜ ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ፣ ኮፍያዬን ገልብጬ፣ አሜሪካዊ ለመምሰል የምሞት ልጅ ነበርኩ። እሳቸው ወደ እኛ፣ እኔ ወደ እነሱ፣ አጥሩ ላይ እንገናኝ ነበር።

"ይህ ሁሉ ችግር እያለ ለምን መጡ?" አልኳቸው አንድ ቀን። እጃቸው ሊጥ ነው። "አያቶቼን ነጥቀው የወሰዷቸው ሰዎች ስማቸውን ሰጡኝ። እኔ የምመርጠውን ስም ፈለግሁ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ምጣዳቸው ዞሩ።

የፓርኳ ልጅ ስለ ሸክም ያልሽው ልቤን ነክቶታል። እኚያ ሴት የሌላውን ባህል ከነሸክሙ ነው የወሰዱት። ሽንኩርቱንም፣ የዕድር መዋጮውንም፣ የቀበሌ ሰልፉንም። እኔ ከአሜሪካ የወሰድኩት ኮፍያውን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅሽን ስትፈሪላት፣ እህቴ፣ ምን እንደወደደች ብቻ ሳይሆን ምን ልትሸከም እንደተዘጋጀች እይላት። ፊደል ብቻዋን ያጠናች ልጅ ኮፍያ ብቻ የምትወስድ አትመስለኝም።

ታቦር ሥር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ሰላም ለእናትየዋ። እኔ ሲዳማ ነኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለልጅሽም ንገሪያት።

በሲዳሙ አፎ እናት "አማ" ናት።

ልጅሽ ከኮሪያኛ "ኦማ" ስትልሽ ከአያቷ ቋንቋ አንድ ድምፅ ነው የራቀችው። ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል ባያት ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ፊቼ ጫምባላላን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ሕዝቡ ቄጣላ ሲጨፍር በቴሌቪዥን እናያለን። ግን የስሙን ምክንያት ለልጆች የሚነግር ጥቂት ነው። ፊቼ ሴት ነበረች ይላሉ አባቶች። አግብታ ርቃ ሄደች። በዓመት አንድ ቀን ወላጆቿን ለመጠየቅ ትመለስ ነበር። ስትመጣ ከቆጮ፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡርሳሜ ትይዛለች። ወላጆቿ ጎረቤት ጠርተው አብረው ይበላሉ። ያ ቀን ነው በዓል የሆነው። የአዲስ ዓመታችን ስም የአንዲት ልጅ ወደ ቤቷ መመለስ ነው።

እኔ ይህን የሰማሁት 24 ዓመት ሲሞላኝ ነው። ልጅ ሆኜ የሚነገረኝ "ሽማግሌ ሲናገር ዝም በል፣ ዛፍ አትቁረጥ፣ ቁም፣ ተቀመጥ" ነበር። ትእዛዙን አውቄ ታሪኩን ሳልሰማ አደግሁ። አንቺም ልጅሽን "በሁለት እጅሽ" አልሻት፣ ለምን እንደሆነ ግን ነግረሻታል? ድራማው ለምን እንደሆነ ነገራት። አያት ሲያለቅሱ፣ ልጅ ስታፍር፣ ሲኒ ሲሰጥ አሳያት። ይህ ወቀሳ አይደለም። እኔም ለልጄ አልነገርኩትም ነበር።

የሐይቅ ዳሯ እናት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15 (ከሳምንት በኋላ)

ያላችሁኝን ሁሉ አንብቤ አልቅሻለሁ፣ በደግ ነው።

ታቦር ሥር፣ ልክ ነህ። "ለምን" የሚለውን ነግሬያት አላውቅም። እናቴም ለእኔ አልነገረችኝም። ለራሴ ሳስበው ነው የገባኝ። ሁለት እጅሽ ሲይዝ ሙሉ ሰውነትሽ ወደዚያ ሰው ይዞራል። ሌላ ነገር መያዝ አትችዪም። ይህን ነገርኳት። "ኮሪያም እንደዛ ነው" አለችኝና ቆይታ "ማን ቀድሞ ጀመረው?" አለች። "ማንም ቢጀምረው የአያቴ ነው" አልኳት።

ትናንት ሁላ ሄድን። ብርድ ነበር፣ ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሣም። "አማ" የሚለውን መኪና ውስጥ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። አባቷን ጠየቀችው። ከዚያ መንገዱን ሙሉ "ኦማ፣ አማ፣ ኦማ፣ አማ" ስትል ሄደች።

የጠረበቻቸውን እንጨቶች ይዛ ነበር። አያቷ አንሥተው አገላበጡ። ለምን እንደሆነ አባቷ ሲያስረዳቸው ሳቁ። ከዚያ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢላዋ አስመጡ። ቀርከሃው በየት በኩል እንደሚላግ፣ ቆዳው በየት በኩል መቅረት እንዳለበት እያሳዩ እንደገና ላጉላት። አንድም ቃል አልተግባቡም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠው ላጉ። ልጄ ዕቃ ስትጠራ አያቷ ስሙን ይነግሯታል፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። የኮሪያኛው ደብተር ነው። በስተግራ ኮሪያኛው፣ መሐል አማርኛው፣ በስተቀኝ ባዶ ዓምድ አሥምራ ሞላችው። ስንመለስ ቆጠርኩ፣ 31 ቃል።

የሻሸመኔ ልጅ፣ ስለ ሽንኩርቱ ነገርኳት። ቀጣዩ ለቅሶ ላይ ይዣት እሄዳለሁ፣ አልኩ።

ታቦር ሥር፣ ሲዳሙ አፎ ከሥር ጀምሮ የሚያስተምር የተማሪ መጽሐፍ ሐዋሳ ውስጥ የት እንደሚሸጥ ካወቅህ ጻፍልኝ። አጻጻፉ በላቲን ስለሆነ አንዳንዱን እንዴት እንደምታነብ ተቸግራለች፣ እኔም አልረዳኋትም።